የአባ አካለ ወልድ እምቢታ

«ልዮንን ያስረግሙዎታል አሉ።»

ወይዘሮ ባንቺዓለም ይህን ስትል አራተኛዋ ነው። መጀመሪያ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ አባ አካለ ወልድ ከሞጣ በጭነት መኪና ላይ ሲንገላቱ መጥተው ከደጇ ሲወርዱ፣ ገና አቧራቸውን ሳያራግፉ አለች። ሁለተኛ የእግር ውኃ ስታቀርብላቸው አለች። ሦስተኛ የመኝታውን ሃምሳ ሳንቲም ተቀብላ መቀነቷ ውስጥ ስትቋጥር አለች። አሁን ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት፣ አባ የዘወትር ጸሎታቸውን ጨርሰው ከጓዳዋ ወጣ ሲሉ፣ መጥረጊያዋን እንደያዘች በር ላይ ጠብቃ አለች። የምታከራየው ጓዳ ከጠላ ቤቷ ጀርባ ነው፤ ግድግዳው በጋዜጣ ተለብጧል፣ አልጋው ጠፍር ነው፣ ቁንጫው ከአልጋው ኪራይ ጋር በነጻ ይታደላል። በቢቸና ከዚህ የተሻለ ማደሪያ ቢኖርም ለካቶሊክ ቄስ የሚያከራይ አልነበረም። እሷም ብትሆን ያከራየችው «አቶ» እያለች ነው። «አባ» ማለት ከአፏ አይወጣም።

«ማን ነው ያለው?» አሉ አባ።

«ሰው ነዋ! የገበዙ ሚስት ለውኃ ቀጂዋ፣ ውኃ ቀጂዋ ለእኔ። ‹እንደ አርዮስ፣ እንደ ንስጥሮስ፣ እንደ ልዮን የተለየሁ ልሁን› ብለው ካልማሉ ወንድምዎ አይለቀቅም። እኔ ብሆን ልዮን የሚሉት ሰውዬ መልኩን ባላውቀውም ረግሜው ወንድሜን ይዤ ቤቴ እገባለሁ። ምን ሊያደርገኝ? ከመቃብር ተነሥቶ ሊከሰኝ? እስቲ ይንገሩኝ አቶ አካለ ወልድ!»

አባ ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ የእጅ መስቀላቸውን ከኪሳቸው ከተው ወጡ። በሌላ አገር መስቀል በእጅ ይያዛል፤ ሰው ጎንበስ ብሎ ይሳለመዋል። በተወለዱበት አገር ግን የሚሳለመው ስላልነበረ ከኪስ ውስጥ መሆኑ ይሻል ነበር።

ነገሩ የብር መስቀል ነው። ከደብሩ ዕቃ ቤት ውስጥ በጥቅምት ወር ጠፋ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በሁለት ሰው እጅ ይገኛል፤ አንዱ በደብሩ ንብረት የሚያዙት ገበዝ ናቸው፣ አንዱ ደግሞ ዕቃ ቤቱን የሚጠርገውና ደወሉን የሚደውለው ፋንታ፣ የአባ አካለ ወልድ ታናሽ ወንድም። መስቀሉ በጠፋበት ሳምንት ገበዙ ለንግሥ መርጡለ ማርያም ሄደው ነበር። ቀሪው ማን እንደሆነ ለመቁጠር ጣት አያስፈልግም። አጥቢያው ሦስት ቅዳሜ ከወይራው ሥር ለአውጫጭኝ ተቀመጠ፤ ወንድ የተባለ ሁሉ ሥራውን ጥሎ፣ ሌባው እስኪወጣ ድረስ። በእንዲህ ያለ ሸንጎ ማንም በስሙ አይመሰክርም። በምሥጢር የተመረጡ ሽማግሌዎች ከየሰው ጆሮ የለቀሙትን ይዘው ይመጡና «ወፍ ነገረችን» ይላሉ። ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። በሦስተኛው ቅዳሜ ወፏ ፋንታን አለች። እንግዲህ የተጠረጠረ ሰው ራሱ ቢምል የሚያምነው የለም፤ ከሥጋ ዘመዶቹ አጥቢያው የሚያከብረው ታላቅ ሰው መጥቶ፣ እጁን ከወንጌል ላይ አኑሮ ይምልለታል። አባትና እናት ሞተዋል። የቀረው አንድ ወንድም ነው። «እሱማ ካቶሊክ ነው» ያለ ሰው ቢኖር፣ የአጥቢያው ዳኛ አቶ ፈረደ መነጽሩን አውልቆ «ይሁን፤ ሲዋሽ የሰማው ካለ ይነሣ» አለ። የተነሣ አልነበረም። ስለዚህ ሞጣ ድረስ ሰው ተላከ። አባ ቢምሉ ፋንታ በዚያው ዕለት ወደ ቤቱ፤ ባይምሉ በዚያው ዕለት ወደ ፖሊስ።

መማሉ ከባድ አልነበረም። ፋንታ ከሰው ማሳ የወደቀ ባቄላ የማያነሣ ሰው መሆኑን አባ ያውቃሉ። የከበዳቸው ልዮን ነው። አባ አካለ ወልድ በልጅነታቸው በዚሁ ደብር ከየኔታ ወልደ ኪዳን እግር ሥር ቅኔ ቆጥረዋል፤ ኋላ አዲስ አበባ ሄደው ከሚሲዮኖቹ ጋር ተዋወቁ፣ ሮም አምስት ዓመት ተማሩ፣ ቅስና ተቀብለው ተመለሱ። ቅስናውን የተቀበሉት በቅዱስ ልዮን በዓል ቀን ነበር። የጥንቱ የሮም ሊቀ ጳጳስ ልዮን በዚያኛው ቤት ቅዱስ ነው፤ በዚህኛው ቤት ልዮን ርጉም ነው። ሁለቱ ቤቶች ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት በፊት እንደተኳረፉ ናቸው፤ እርቅ የሚያወርድ ሽማግሌም አልተገኘ። ሞጣ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ አራት አግዳሚ ወንበር ደርድረው፣ ለዓይን በሽተኛ ቅባት እየቀቡ፣ ለጎልማሳ ፊደል እያስቆጠሩ ይኖራሉ። ምእመናናቸው ዐሥራ አንድ ናቸው። ከዐሥራ አንዱ አራቱ የሚመጡት ለዓይን ቅባቱ ነው የሚል ሰው አለ፤ ሐሰት ነው ለማለት ያስቸግራል።

ደግሞ እምቢታ ለአባ አዲስ አልነበረም። ባለፈው ዓመት፣ በስድሳ፣ የእርሻ ግብሩ አዋጅ መጥቶ ቢቸናና ሞጣ ሲነሣ፣ ጫካ የገቡት ሰዎች መጥተው «ከእኛ ጋር ማል» ቢሏቸው «ቄስ ጠመንጃ አይባርክም» ብለው እምቢ አሉ። ጦሩ ሲመጣ ደግሞ ሻለቃው ወረቀትና እርሳስ አቅርቦ «የሸፈቱትን ስም ጻፉልን» ቢላቸው «ቄስ የሰው ስም የሚጽፈው ለጸሎት ነው» ብለው እምቢ አሉ። ሁለቱም ትክክል ነበር። ሁለቱም ሊያስገድላቸው ይችል ነበርና ጀግንነትም ነበር። የእምቢታ ክፋቱ ግን ደጋግመው ሲቀምሱት እየጣመ መሄዱ ነው። ሰው ጠላ ሲደጋግም ይታወቅበታል፤ ይንገዳገዳል። እምቢታ የደጋገመ ሰው ግን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ማንም አይነቃበትም፤ እሱም ራሱ ጭምር።

ጠዋት መጀመሪያ የሄዱት ወደ ፋንታ ቤት ነው። ፋንታን ማግኘት አይችሉም፤ የሚምለውና የተጠረጠረው ሰው ከመሐላ በፊት እንዳይገናኙ ደንብ ነውና ፋንታ ከዋሱ ቤት ነበር። ሚስቱ ይርጋነሽ ቤቱን ጠርጋ፣ መደቡ ላይ አጎዛ አንጥፋ ጠበቀቻቸው። ጾመ ነቢያት ስለሆነ ሽሮ አቀረበች፤ ለእሳቸው ብቻ በተለየ ሣህን። ሣህኑ አዲስ ነው፣ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ አበባ አለበት፤ ለክብር ይሁን ለመለየት አባ ሊገባቸው አልቻለም፣ እሷም ብትጠየቅ አታውቀውም ነበር። አባ ባረኩ። እሷ ደግሞ ከመብላቷ በፊት ፊቷን ዘወር አድርጋ በልቧ እንደገና አማተበች። ወጋግራው ላይ የፋንታ ጋቢ ተሰቅሏል። ከጓሮ ላሚቱ ትጮኻለች።

«ሞጣ ጤፍ እንዴት ነው?» አለች ይርጋነሽ።

«ተወዷል።»

«እዚህም ተወዷል። ጨውማ አይነሣ። ላሚቱ ጨው ካጣች ወር ሆናት፣ ግድግዳ ትልሳለች።»

«መንገዱ ከተበላሸ ሁሉም ይወደዳል» አሉ አባ።

«አዎ። መንገዱ።»

እሷ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት፤ እሳቸውም የሚመልሱት አንድ መልስ ብቻ። ሁለቱም ሽሮው ላይ አቀረቀሩ። አባ ሲነሡ ይርጋነሽ በሩ ድረስ ተከትላቸው ወጣችና፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ «ሐሙስ ዕለት የኔታ ዘንድ ውሎ መጣ» አለች። «የሱሪው ጉልበት አፈር ሆኖ ነው የመጣው። ምነው ብለው ዝም አለኝ። ብቻ ‹አያን ምንም እንዳትይው፤ አያ ይምላል› ነው ያለኝ። እኔም ምንም አላልሁዎትም።»

«ጸሎት ላይ ነበር ይሆናል» አሉ አባ።

«ይሆናል።»

ከፋንታ ቤት እስከ ወይራው ሩቅ አይደለም፤ አባ ግን በከተማው ዞረው ሄዱ። ንግግራቸውን እያዘጋጁ ነበር። በገበያው ጠርዝ፣ በልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ፣ በአውራጃው ግዛት ጽሕፈት ቤት አጥር ሥር አለፉ፤ ማን ሰላም እንዳላቸው፣ ማን ፊቱን እንዳዞረባቸው አላዩም። ከየኔታ ወልደ ኪዳን ጎጆ ደጃፍም አለፉ። በሩ ክፍት ነበር። የኔታ ብራና ላይ አጎንብሰው ይታያሉ። መሐላውን የሚያስምሉት እሳቸው ናቸው፤ ቃሉንም የሚጽፉት እሳቸው። ገብቶ «የኔታ፣ እውነት ልዮን አለበት?» ብሎ መጠየቅ ሦስት እርምጃ ነበር። አባ ግን ከየኔታ ጋር ከተነጋገሩ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው። መጨረሻ የተያዩት ተማሪው «ሮም እሄዳለሁ» ባለበት ቀን ነበር፤ መምህሩ ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት የቆየ ኩርፊያ በሦስት እርምጃ አይሻገሩትም። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ አባ መጠየቁን አልፈለጉም። ንግግሩ እያማረላቸው ነበር።

ቀትር ላይ ወይራው ሥር ሰው ጢም ብሏል። ካህናቱ ባንድ ወገን፣ ባላገሩ ባንድ ወገን፣ ነጋዴዎቹ ፀሐይ ሽሽት ከግንዱ ሥር። መካከል ላይ አቶ ፈረደ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። የኔታ ወልደ ኪዳን ከፍየል አጎዛ ላይ ናቸው፤ ፊታቸው በሻሽ የተጠቀለለ ወንጌል ተቀምጧል፣ እጃቸው ላይ የተጣጠፈ ወረቀት አለ። ከግራቸው፣ ከነጠላቸው ጫፍ አጠገብ፣ ፋንታ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ የተጠረጠረ ሰው ከወንጌሉ አይርቅም፣ ደግሞም መሐላው እስኪያልቅ ድምፁን ከፍ አድርጎ አይናገርም። ፋንታ ወንድሙን ሲያይ ፈገግ አለ። ከስቷል። ጢሙ ሸብቷል፤ ታናሽ ወንድም ቀድሞ ሲሸብት ማየት ለታላቅ ያሳፍራል። አባ ጭንቅላታቸውን ብቻ ነቀነቁለት።

«አካሉ» አሉ የኔታ። ይህን ስም ከጠሩት ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው። «ና እስቲ ጠጋ በል። ቃሉን አስቀድሜ በጆሮህ ላሰማህ።»

ልመና መሰላቸው፤ የሽማግሌ ማባበል። «የኔታ፣ ቃሉን ከትናንት ጀምሮ ስሰማው ነው የዋልሁት» አሉ አባ። «የሚባል ካለ ለሁሉ ይባል።» ከዚያም ወደ ሸንጎው ዞሩ፤ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከፍ አደረጉ።

ንግግሩ ያማረ ነበር፤ የሰሙት ሁሉ ይመሰክራሉ። ወንድሜ እጁ ንጹሕ ነው፤ ይህን በአንድ አምላክ ፊት ቆሜ እናገራለሁ አሉ። ከዚህ ደብር ፊደል ቆጥሬያለሁና ለደብሩ ክፉ አልመኝም፤ መስቀላችሁ ከነሌባው ይገኝ ዘንድ እጸልያለሁ አሉ። ነገር ግን የሰው ነጻነት በሌላ ሰው ሃይማኖት አይገዛም፤ ወንድሜን ለማስፈታት ብዬ የከበረውን ቅዱስ ልዮንን አልረግምም፣ አንገቴን ብትቆርጡት አልረግምም አሉ። ድምፃቸው ከወይራው አልፎ እስከ መንገዱ ይሰማ ነበር። የኔታ ከአጎዛቸው ላይ ተነሡ፤ ወዲያው መልሰው ተቀመጡ። «ቅዱስ» የምትለው ቃል ከልዮን ጋር ስትሰማ ካህናቱ በአንድ ጊዜ ጮኹ፤ ነጋዴዎቹ ምን እንደተባለ ሳይገባቸው አብረው ጮኹ።

«ልዮን ማነው?» ሲል ከባላገሮቹ አንዱ ጎረቤቱን ጠየቀ። «የግንደ ወይን ሰው ነው?»

«ሮማዊ ነው፤ ጥንት የሞተ።»

«ታዲያ እሱ መስቀሉን አልሰረቀ! ምን አገባን?»

ሳቅ ሆነ። አቶ ፈረደ በእርሳሱ ደብተሩን መታ መታ አደረገና ዝም ሲባል «ነገሩን አሳጥሩት። ይምላሉ ወይስ አይምሉም?» አለ።

«አልምልም።»

ዳኛው ጻፈ። በአውጫጭኝ «አልምልም» አንዴ ነው የሚባለው፤ የተጻፈ አይፋቅም። ወረቀቱ በየኔታ እጅ እንደተጣጠፈ ቀረ። ከመንገዱ ዳር ሲጠባበቁ የነበሩ ሁለት ፖሊሶች መጥተው ፋንታን አስነሡት። በወንድሙ አጠገብ ሲያልፍ ቆም አለ፤ ፖሊሶቹም የአገር ልጆች ናቸውና ቆሙለት።

«ጥሩ ተናገርህ አያ» አለ ፋንታ። ማሾፍ አልነበረበትም። «እስቲ ስትመለስ ለይርጋነሽ ጨው ግዛላት። ላሚቱ ግድግዳ ጨረሰች።»

አባ ጨውን ገዙ። በሃያ አምስት ሳንቲም ሁለት ቁራጭ አሞሌ። ይርጋነሽ ተቀበለቻቸውና ወደ ጓሮ ዞረች፤ ላሚቱ ስትልስ በሩ ላይ ቆመው ድምፁን ሰሙ። ሰማያዊ አበባ ያለበት ሣህን ታጥቦ መደቡ ላይ ተደፍቶ ነበር። ወይዘሮ ባንቺዓለም ቤት ሲደርሱ፣ ሰው ሁሉ ቀድሟቸው ነግሯታልና፣ ስለ ልዮን አንድም አላነሣችም። ያን ዕለት የጎደለባቸው ይህ ነበር። በልባቸው ሲያባብሉት የዋሉትን ነገር፣ ትክክል ነበርሁ የሚሉትን፣ አንድ ሰው ተከራክሯቸው ቢያጸኑት ይወዱ ነበር። የሚከራከራቸው ጠፋ። በነጋታው በሚሄደው የጭነት መኪና ላይ፣ በማሽላ ጆንያ መካከል ተቀምጠው ወደ ሞጣ ተመለሱ። ለዐሥራ አንዱ ምእመናን ስለ ሰማዕታት ሰበኩ። ደኅና ሰበኩ።

በጥር መጨረሻ ወህኒ ቤቱ ውስጥ ተስቦ ገባ። ፋንታ ዐሥራ አንድ ቀን ታምሞ ሞተ፤ ፍርድ ገና አልተሰጠውም ነበር። የሕመሙ ወሬ ሞጣ ሲደርስ አባ በቅሎ ተከራይተው፣ መንገድ ላይ አድረው፣ ሬሳው ወደ ደብሩ ሲገባ ደረሱ። ከቅጥሩ ግን አልገቡም። ማንም ግባም አትግባም አላላቸውም፤ እሳቸው ራሳቸው ከአጥሩ ውጭ፣ ከግንቡ ሥር ቆሙ። ሌላ ቄስ ለወንድማቸው ጸሎተ ፍትሐት ሲፈታ ከውጭ ሆነው ሰሙ። ግእዙን ቃል በቃል ያውቁታል፤ በሞጣም ሲፈቱ የሚሉት ያንኑ ነው። ከንፈራቸው አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር። የይርጋነሽ ልቅሶ ከዜማው በላይ ይሰማል። የጠፋው መስቀል አልተገኘም፤ ማን እንደወሰደውም እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ያን ቀን ግን ስለ መስቀሉ ያነሣ ሰው አልነበረም።

ሰው ሁሉ ከቀብር ተመልሶ ካለቀ በኋላ የኔታ ወልደ ኪዳን ከዘራቸውን እየተደገፉ በደጀ ሰላሙ ወጡ። ወደ ግንቡ መጡ። እጃቸውን ከደረታቸው ከተው ያን ወረቀት አወጡ፤ እጥፋቱ ላይ አርጅቷል፣ ካራት ቦታ ሊበጠስ ደርሷል።

«አንብበው» አሉ።

አባ አነበቡ። የመምህራቸው የእጅ ጽሕፈት ነው፤ በልጅነታቸው እያዩ የተከተሉት ጽሕፈት። ስመ እግዚአብሔር በቀይ፣ ቀሪው በጥቁር። ወንድሜ የደብሩን መስቀል ሰርቆ እንደሆነ፣ ወይም ሰርቆ ያስቀመጠውን እያወቅሁ ደብቄ እንደሆነ፣ እንደ ይሁዳ ልጥፋ፣ እንደ አርዮስ ልለይ፣ እንደ ንስጥሮስ ልረገም። ይህ ብቻ ነው። እንደገና አነበቡ። አርዮስን ሮምም ይረግመዋል። ንስጥሮስንም ሮም ይረግመዋል። በወረቀቱ ላይ አባ አካለ ወልድ በሙሉ አፋቸው የማይሉት አንድም ቃል አልነበረም።

«ልዮን…» አሉ አባ።

«ነበረበት። እስከ ሐሙስ ነበረበት» አሉ የኔታ። «ሐሙስ ፋንታ መጥቶ እግሬ ላይ ወደቀ። ‹የኔታ፣ እኔስ ሰው ነኝ፣ የሆንሁትን እሆናለሁ፤ አያን ግን ልዮንን አታስረግሙት፣ ከረገመው በኋላ ሰው አይሆንም› አለኝ። ጉልበቱ አፈር እስኪሆን ተንበረከከ። አወጣሁት። እንደገና ጻፍሁት።»

«ታዲያ… የዚያን ቀን ምነው ዝም አሉኝ?»

«ጠጋ በል አልሁህ እኮ።» የኔታ በከዘራቸው ጫፍ አፈሩን ቆፈር ቆፈር አደረጉ። «ስትናገር ላቋርጥህ ተነሥቼ ነበር። ፋንታ ነጠላዬን ያዘኝ። ቀስ ብሎ ‹ይተዉት የኔታ› አለኝ። ‹ይተዉት፤ እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ይናገር። እኔ አንድ ሁለት ወር ታስሬ እወጣለሁ›።»